ሁለት ክላውድ፣ አንድ ኔትወርክ፦ ጣጣው የት ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ዩኒሱፐር የሚባለው የአውስትራሊያ ጡረታ ፈንድ አባላት ለአንድ ሳምንት ያህል አካውንታቸውን መክፈት አልቻሉም። ከ600,000 በላይ ሰው ማለት ነው። ሀከር ገብቶ አይደለም። ፈንዱ ጉግል ክላውድ ላይ የተከራየው የግል ክላውድ ሲዘጋጅ፣ በጉግል በኩል መሞላት የነበረበት አንድ ቦታ ባዶ ቀረ። ሲስተሙም ኪራዩ የአንድ ዓመት ነው ብሎ ያዘው፤ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ሰረዘው። ፈንዱ መረጃውን ሌላ አቅራቢ ጋርም አስቀምጦ ስለነበር ለመመለስ ረድቶታል።

ይህን የሰማ ሥራ አስኪያጅ "እኛም ሁለት ክላውድ እንያዝ" ቢል አይፈረድበትም። ግን የመረጃ ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ክላውድ ላይ እንደ አንድ የሚሠራ ኔትወርክ መዘርጋት ሌላ። ሁለተኛው ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ያደክማል።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ ክላውድ ማለት ሰርቨር ገዝቶ ቢሮ ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ ከአማዞን፣ ከማይክሮሶፍት (አዙር) ወይም ከጉግል መከራየት ነው። ብዙ ድርጅት ሁለት ክላውድ ላይ የሚገኘው አቅዶ አይደለም። አንዱ ክፍል አማዞንን ይመርጣል፣ ሌላው አዙርን፤ ወይም ድርጅቱ ሌላ ኩባንያ ሲገዛ የዚያኛው ክላውድ አብሮ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቀን "አገናኙልን" ይባላል።

መጀመሪያ የሚያጋጨው አድራሻ ነው። ስልካችሁ ላይ የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፤ ብዙ ጊዜ 192.168 ብሎ የሚጀምር የአይፒ ቁጥር ታገኛላችሁ። የጎረቤታችሁም ስልክ ልክ ያንኑ ቁጥር ሊይዝ ይችላል፣ ችግር የለውም፣ ምክንያቱም ሁለቱ ቤቶች አይገናኙም። በ1996 የወጣ ስምምነት ለእንዲህ ዓይነት የውስጥ ኔትወርክ ሦስት የቁጥር ክልሎችን ለይቶ አስቀምጧል፤ ትልቁ በ10 የሚጀምረው ሲሆን 16,777,216 አድራሻ ይይዛል። ይህን ሁሉ ቁጥር ይዞ እንዴት ግጭት ይፈጠራል? እንዲህ ነው፦ አማዞንም ሆነ አዙር ላይ አዲስ ኔትወርክ ስትከፍቱ ቀድሞ ተሞልቶ የሚጠብቃችሁ ብዙ ጊዜ 10.0.0.0/16 ነው። ሁለት ባለሙያ ሁለት ቦታ ላይ "ቀጥል" የሚለውን ብቻ ተጭነው ካለፉ፣ ሁለቱ ኔትወርኮች ተመሳሳይ የቤት ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰፈሮች ሆኑ ማለት ነው። ሰፈሮቹ ሲቀላቀሉ መልእክተኛው የቱን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም።

መፍትሔው ሁለት ነው፣ ሁለቱም አይጥምም። አንደኛው መሀል ላይ አድራሻ የሚቀይር መሣሪያ ማስገባት ነው፤ ይሠራል፣ ግን ብልሽት ሲመጣ ጥያቄው ከየትኛው ሰርቨር እንደተነሳ ፈልጎ ማግኘት ራስ ያዞራል። ሁለተኛው አንዱን ኔትወርክ እንደ አዲስ ቁጥር መስጠት ነው፤ ይህ ደግሞ ሥራ ላይ ያሉ ሰርቨሮችን እያቆሙ ማዘዋወርና የፋየርዎል ሕጎችን እንደገና መጻፍ ማለት ነው። የትኛው ክላውድ የትኛውን ክልል እንደሚይዝ መጀመሪያ ቀን አንድ ኤክሴል ላይ ቢጻፍ ኖሮ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

ቀጥሎ ቋንቋው። ሦስቱም "ኔትወርክ" ይላሉ፣ ግን አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። የጉግል ኔትወርክ ዓለም አቀፍ ነው፤ የአማዞንና የአዙር በአንድ ሪጅን የታጠረ ነው። የአማዞን ሴኩሪቲ ግሩፕ "ፍቀድ" እንጂ "ከልክል" የሚል ሕግ አይቀበልም፤ አዙርና ጉግል ጋ ግን ሁለቱም አሉ፣ ቅደም ተከተላቸውም በቁጥር ይወሰናል። ስለዚህ አንድን የደህንነት ሕግ ሦስት ቦታ፣ በሦስት መንገድ መጻፍ ግድ ነው። እዚህ ላይ የተሰላቸ ሰው "ለጊዜው" ብሎ ሁሉንም በር ይከፍተዋል። ያ "ለጊዜው" ደግሞ ዓመት ይቆያል።

ከዚያ መንገዱ አለ። ርካሹ በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ ቪፒኤን ነው፤ የአማዞን መደበኛው መስመር ግን በሰከንድ ከ1.25 ጊጋቢት አያልፍም። ከዚያ በላይ የፈለገ የግል መስመር ይከራያል። ጉግል በ2023 ከሌሎች ክላውዶች ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ባለ 10 እና ባለ 100 ጊጋቢት መስመር ጀምሯል። ገንዘብ ግን ርቀትን አያሳጥርም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሦስቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ሪጅን ስለሌላቸው እዚህ ያለ ድርጅት የሚመርጠው ደቡብ አፍሪካን፣ ባሕረ ሰላጤውን ወይም አውሮፓን ነው። አፕሊኬሽኑ ኬፕታውን፣ ዳታቤዙ ፍራንክፈርት ቢሆን በመሀል ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፤ አንድ ጥያቄ ቢያንስ 90 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ገጽ ለመክፈት ዳታቤዙን 50 ጊዜ ተራ በተራ የሚጠይቅ አፕ ከሆነ፣ ደንበኛው 4.5 ሰከንድ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ወደ ውጭ ስለሚተላለፍበት ሁኔታ ድንጋጌ ስላለው፣ ቦታ ሲመረጥ የሕግ ባለሙያም አብሮ ይቀመጥ።

ሂሳቡስ? ዳታ ወደ ክላውድ ሲገባ ነፃ ነው፣ ሲወጣ ይከፈልበታል። አማዞን ከአሜሪካ ሪጅኖቹ ወደ ኢንተርኔት ለሚወጣ ዳታ በወር ከመጀመሪያው 100 ጊጋባይት በኋላ ለአንድ ጊጋባይት 9 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ያስከፍላል፤ ኬፕታውን ላይ ይጨምራል። በወር 10,000 ጊጋባይት ከአንዱ ክላውድ ወደ ሌላው በኢንተርኔት የሚያመላልስ ድርጅት ለዚህ ብቻ 900 ዶላር አካባቢ ይከፍላል። በ2024 ሦስቱም "ጥሎን ለሚሄድ ደንበኛ የመውጫ ክፍያ አንጠይቅም" ብለዋል፤ ይህ ግን ለስንብት እንጂ ለየቀኑ ምልልስ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሁለቱ ክላውዶች አብረው ሊወድቁ ይችላሉ። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል የጠፉት ሰርቨሮቹ ስለተቃጠሉ አልነበረም፤ በጥገና ወቅት በተሰጠ የተሳሳተ ትእዛዝ ኔትወርኩ ተቆርጦ፣ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረውን ዲኤንኤስ ማግኘት ስላልተቻለ ነው። በኦክቶበር 2025 አማዞን ቨርጂኒያ ላይ ሲናጋም መነሻው የአንድ ዳታቤዙ ዲኤንኤስ ነበር። ሁለት ክላውድ ያለው ድርጅት ዲኤንኤሱን አንዱ ላይ ብቻ ካስቀመጠ፣ ወይም ሠራተኛው ሁሉ ሎግ ኢን የሚያደርገው በአንዱ በኩል ብቻ ከሆነ፣ የሚከፍለው ለሁለት ነው፣ ያለው ግን አንድ ነው። የሚታወቀው ሲሞከር ነው፦ ሥራ በማይበዛበት እሁድ ሌሊት አንዱን ክላውድ ሆን ብሎ መቁረጥ፣ ከዚያ ማን ምን መክፈት እንዳቃተው መዝግቦ መያዝ። አንዳንዴ መጀመሪያ የሚዘጋው የደንበኛው አፕ ሳይሆን፣ ኔትወርኩን መልሶ ማገናኘት የነበረበት ባለሙያ መግቢያ ይሆናል።