መንገድ ልቀቁ

በጥንቷ ሮም አንድ ቆንሲል ከቤቱ ሲወጣ 12 ሰዎች ተራ በተራ ተሰልፈው ከፊቱ ይቀድሙ ነበር። ሊክቶር ይባላሉ። በትከሻቸው ላይ በጠፍር የታሰረ የበትር እስር ተሸክመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በጎዳናው የሚተራመሰውን ሕዝብ ገለል ያደርጉታል። ያልሰማ ይገፋል፤ ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነ ደግሞ በትሩ ለጌጥ ብቻ እንዳልተያዘ ይረዳል። በአስቸጋሪ ጊዜ ሥልጣኑን ሁሉ ጠቅልሎ የሚይዝ አንድ ሰው ከተሾመ ቁጥራቸው እጥፍ ሆኖ 24 ይደርሳል። እንግዲህ የሮም ሰው የሹሙን ማዕረግ ለማወቅ ፊቱን ማየት አላስፈለገውም፤ ከፊቱ የሚቀድሙትን መቁጠር ይበቃው ነበር።

ነገሩ በእኛም አገር ባዕድ አልነበረም። ራስ ሲጓዝ ነጋሪት ይጎሰምለታል። በበቅሎ የሚመጣ መንገደኛ ከእርሱ የሚበልጥ ጌታ ሲገጥመው ከበቅሎው ወርዶ፣ አደግድጎ፣ ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል። አለመውረድ ድፍረት ነው፤ ድፍረቱም ዋጋ ያስከፍላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ ደግሞ ከባለጸጋ ሠረገላ ፊት እየሮጡ፣ እየጮኹ ሕዝቡን የሚያስለቅቁ «ሳይስ» የሚባሉ ወጣቶች ነበሩ።

ይህን ሁሉ የማነሣው አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ሲመጣ ዳር ይዞ መቆም ተራ የመንገድ ደንብ መስሎ ስለሚታየን ነው። ተራ አይደለም። ለብዙ ሺህ ዓመታት መንገድ ሲከፈት የኖረው ለጉልበተኛ ነው። ስሙ ለማይታወቅ፣ ምናልባትም ለድኻ፣ በዚያች ሰዓት በእግሩ መቆም እንኳ ለተሳነው ሰው ከተማው በሙሉ ጥግ ይያዝ የሚለው ሐሳብ ገና የትናንት ልጅ ነው።

የሐሳቡ አንዱ ምንጭ ጦር ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1792 ዶሚኒክ ዣን ላሬ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ሐኪም በራይን ግንባር ሲያገለግል ቁስለኞች በወደቁበት ሲቀሩ አየ። የጊዜው ደንብ የሕክምና ሠረገሎች ከውጊያው መስመር ርቀው ወደ ኋላ እንዲቆዩ ያዝዝ ነበር፤ ውጊያው አብቅቶ ሠረገላው እስኪደርስ ብዙዎቹ ይሞታሉ። ላሬ በፈረስ የሚሳቡ ቀላል መድፎች ሜዳውን እንደ ልብ ሲያቋርጡት ተመልክቷል። መድፍ እንዲህ ከሮጠ ቁስለኛ ለምን አይሮጥም ብሎ ቀላልና ፈጣን ሠረገላ አሠራ፤ «በራሪ አምቡላንስ» ተባለ። ለእኔ ግን ከሠረገላው ይልቅ አብሮት የመጣው ሥርዓት ይበልጥብኛል። ማዕረግና ክብር ሳይታይ፣ ጉዳቱ የከፋው ይቅደም። ጣቱን የቆሰለ ጄኔራል ሆዱ ለተቀደደ ተራ ወታደር ተራውን ይለቅቃል ማለት ነው። ይህን በዚያ ዘመን፣ ያውም በጦር ሠራዊት ውስጥ መናገር ቀላል አልነበረም። ናፖሊዮን ግን አልተቀየመውም፤ በኑዛዜው 100,000 ፍራንክ ሲተውለት ከሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ምግባረ መልካሙ ላሬ መሆኑን መስክሮለታል።

ሌላው ምንጭ እሳት ነው። በለንደን ለረጅም ዘመን እሳት ሲያጠፉ የኖሩት የመድን ኩባንያዎች ቅጥረኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በጁን 1861 በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ በቱሊ ጎዳና ያሉ መጋዘኖች ሲነዱ የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ጄምስ ብሬድዉድ ግድግዳ ተደርምሶበት ሞተ። ኩባንያዎቹ በኪሳራው ብዛት ደንግጠው ሸክሙን መንግሥት ያንሣልን አሉ፤ በ1866 የከተማዋ የእሳት አደጋ ብርጌድ የሕዝብ አገልግሎት ሆኖ ሥራ ጀመረ። እንግዲህ በፈረስ የሚጎተተው፣ ጢስ የሚተፋው የእንፋሎት ፓምፕ በለንደን ጠባብ ጎዳናዎች ሲከንፍ ማሰብ ነው። ደወል ከመለመዱ በፊት እሳት አጥፊዎቹ በሠረገላው ላይ ሆነው «ሃይ! ሃይ!» እያሉ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ይጮኹ ነበር። ያው የሊክቶር ጩኸት ነው። ከኋላው የሚመጣው ግን ሹም ሳይሆን ውኃ ነው፤ ቤቱ የሚነደውም ማን እንደ ሆነ የጠየቀ የለም።

ጩኸቱ ከጉሮሮ ወደ ደወል፣ ከደወል ወደ ሳይረን ተሸጋገረ። የዚህ የመጨረሻው ስም አመጣጥ ሥነ ጽሑፍ ወዳጅን ጥቂት ያቆማል። መሣሪያውን አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1819 ስም ያወጣለት ፈረንሳዊው ሻርል ካኛር ደ ላ ቱር ነው፤ ውኃ ውስጥም ድምፅ መስጠት ስለሚችል ስሙን ከሆሜር የባሕር ዘፋኞች ተዋሰለት። በ«ኦዲሴይ» ሲሬኖች በዜማቸው መርከበኛን አስክረው ወደ ሞት ይስባሉ፤ ኦዲሴዎስ የቀዛፊዎቹን ጆሮ በሰም ደፍኖ፣ ራሱን ከምሰሶው ጋር አሳስሮ ያልፋቸዋል። የእኛው ሳይረን ደግሞ ተቃራኒውን ይዘምራል፤ አትቅረቡ፣ ራቁ፣ ሰው ይዳን ይላል። (መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃውን እስከ ጣራ የለቀቀ ሾፌር ባየሁ ቁጥር ግን ያ ሰም ዛሬም አልቀለጠም እላለሁ።)

ድምፅ የማይበቃበት፣ ምልክት ብቻ የሚለምንበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በ1864 የተፈረመው የጄኔቫ ስምምነት አምቡላንሶችንና የጦር ሆስፒታሎችን ገለልተኛ አደረጋቸው፤ የጠላት ጦር ራሱ መንገድ ይልቀቅላቸው አለ። ኢትዮጵያ የቀይ መስቀል ማኅበሯን ያቋቋመችው በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ ደጃፏ ላይ በቆመበት ወቅት ነው፤ ብዙ ሳይቆይም ከተለያዩ አገሮች የአምቡላንስ ጓዶች ሊያግዟት መጡ። በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ጓድ በደቡብ ግንባር፣ መልካ ዲዳ በተባለ ስፍራ ሰፍሮ ሳለ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1935 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በቦምብ ደበደቡት። ሂላንደር ቆሰለ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለ የጓዱ አባልና ብዙ ሕመምተኞች ሞቱ። በማርች 1936 የእንግሊዝ አምቡላንስ በቆረም አካባቢ ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። መስቀሉ አልታየም ነበር የሚባል ክርክር ያኔም ቀርቧል፤ እኔ አልተቀበልኩትም።

በሰላም ጊዜ መንገድ አለመልቀቅ ብዙውን ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከግራ መጋባት ይመጣል። ጀርመኖች ለዚህ መድኃኒት አበጅተውለታል፤ «ሬቱንግስጋሰ» ይሉታል፣ የማዳኛ መተላለፊያ እንደ ማለት ነው። አውራ ጎዳናው ሲጨናነቅ፣ ሳይረኑ ገና ሳይሰማ፣ በግራ ጫፍ ያሉት መኪኖች ወደ ግራ፣ የቀሩት ሁሉ ወደ ቀኝ ተጠግተው መካከሉን ባዶ ይተዉታል። ኦስትሪያም ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ ደንግጋዋለች። ሆኖም በጁላይ 2017 በባቫሪያ፣ በሚንሽቤርግ አጠገብ አንድ አውቶቡስ ተጋጭቶ በእሳት ጋይቶ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ አንዳንድ ሾፌሮች መተላለፊያውን በወጉ ስላልከፈቱ የነፍስ አድን ሠራተኞች ተቸግረው ነበር። በዚያው ዓመት ቅጣቱ ከ20 ዩሮ ቢያንስ ወደ 200 ከፍ አለ።

ሌላ በሽታም አለ፤ እርሱም ጥርጣሬ ነው። ሊክቶሮቹ አልሞቱም፤ ሳይረኑን ተከራዩት እንጂ። በሞስኮ የባለሥልጣንና የባለገንዘብ መኪኖች ሰማያዊ መብራት ተክለው እንደ ፈለጉ ሲያልፉ ያስመረራቸው ሾፌሮች እ.ኤ.አ. በ2010 የልጆች መጫወቻ የሆነ ሰማያዊ ባልዲ በመኪናቸው ጣራ ላይ እየደፉ መሳለቅ ጀመሩ። በሕንድ ደግሞ ቀይ የጣራ መብራት የትልቅ ሰው ማኅተም ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ከሜይ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ፕሬዚዳንቱና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጭምር እንዲያነሡት ተደረገ። መብራቱ ለአምቡላንስ፣ ለእሳት አደጋና ለፖሊስ ቀረ።

የአዲስ አበባም ሾፌር አጀብ ሲያልፍ ብዙ ቆሟል። ስለዚህ ከኋላው ሳይረን ሲሰማ መስተዋቱን አይቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሕመምተኛ ነው ወይስ ሹም?» ብሎ ነው። ሹም ከሆነ ፖሊስ ያቆመዋል፤ ሕመምተኛ ከሆነ ግን ከገዛ ልቡ በቀር የሚያቆመው አያገኝም። ዳር ሊይዝ ሲል ደግሞ አምቡላንሱ የከፈተውን ቀዳዳ ተከትሎ የሚከንፍ ሚኒባስ ያያል። የካይሮው ባለጸጋ እንኳ ሳይሱን ደመወዝ ከፍሎ ነበር የሚያስሮጠው።

የሚያስገርመኝ ይኸው ሕዝብ በገጠር ያለውን ልማድ ሳስብ ነው። መኪና በማይደርስበት አገር አምቡላንሱ ቃሬዛ ነው፤ ሁለት ረጃጅም እንጨት፣ መካከሉ በጠፍር ወይም በገመድ የተጠላለፈ፣ ላዩ ላይ ጋቢ። አራት ሰው ይሸከመዋል፤ ትከሻ ሲዝል የሚቀይሩ ሌሎች ከኋላ ይከተላሉ። በብዙ አካባቢ ለዚሁ የቆመ የቃሬዛ ማኅበር አለ፤ አባሉ በተጠራ ጊዜ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል፣ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ቃሬዛ የገጠመው መንገደኛም ዳር ቆሞ ማሳለፉ ብቻ አይበቃውም። አህያውን ከመንገድ ያወጣል፤ «እግዜር ይማርልን» ይላል፤ አቅም ያለው ትከሻውን ሰጥቶ ጥቂት ይሸኛል። ማን እንደ ታመመና ከየት እንደ መጡ የሚጠይቀው እንጨቱ ትከሻው ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

በየወረዳው አምቡላንስ መመደብ ከጀመረ ወዲህ በብዙ ቦታ የቃሬዛው ጉዞ መኪና እስከሚገባበት ድረስ ሆኗል። ምጥ የጠናባት ሴት በአራት ሰው ትከሻ ከተራራው ትወርዳለች፤ ጥርጊያው መንገድ ዳር አምቡላንሱ ይጠብቃታል። በሩ ሲዘጋ ተሸካሚዎቹ ላባቸውን ጠርገው፣ ባዶውን ቃሬዛ ይዘው ሽቅብ ይመለሳሉ። እርሷ ወደ ከተማው፣ ወደ ሾፌሮቹ ትሄዳለች።