ከልክ በላይ የሚሠራ ማሽን፦ የማዘርቦርድ ታሪክና የእኔ ሦስት ወር ደመወዝ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፓስፖርትና ስለ እረፍት ቀን ብዙ ተባብለናል። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ማዘርቦርድ ነው። «ይቺ ደግሞ ምን ነካት?» እንዳትሉኝ፤ በሦስት ወር ደመወዝ ገዝቼ የተማርኩት ትምህርት ነው።

ታናሽ ወንድሜ አገር ቤት የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ጀመረና ኮምፒውተር ላኪልኝ አለኝ። «እታለም፣ ኦቨርክሎክ የሚደረግ ከሆነ በርካሹ ፕሮሰሰር የውዱን ሥራ እሠራበታለሁ» አለ። ቤይሩት አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ያገለገለ ኮምፒውተር አውጥቶ «ይሄማ እንደፈለግሽው ይሮጣል» አለኝ። አመንኩት፤ ወደ አገር በምትገባ ልጅ ላኩት። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ጠፋ። ወንድሜ ከፍቶ ፎቶ ላከልኝ፤ ቦርዱ ላይ የቆሙት ትንንሽ ቆርቆሮ የሚመስሉ ነገሮች አናታቸው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ አንዱም ፈንድቶ ቡናማ ፈሳሽ አፍስሷል። ያን ቀን አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ግን እሁድ እሁድ ተቀምጬ ነገሩን ከሥሩ መማር ጀመርኩ።

ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ልማዱ አዲስ አይደለም። አይቢኤም በ1984 ኤቲ የሚባለውን ኮምፒውተር ሲያወጣ ፍጥነቱ 6 ሜጋኸርትዝ ነበር። ፍጥነቱን የምትመታው ክሪስታል የምትባል ትንሽ ዕቃ ነበረች። ሰዎች እሷን ነቅለው ፈጣን ክሪስታል ሲተኩ ማሽኑ እስከ 8 ሜጋኸርትዝ ሮጠ። ኩባንያው ደግሞ በኋላ ባወጣቸው ላይ ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ፍተሻ ባዮሱ ውስጥ ከተተ፤ ከተወሰነው በላይ ከሮጠ አልነሣም ይላል። የገዛሁትን ዕቃ ምን ያህል ላሠራው የሚለው በማን ነው የሚወሰነው? ክርክሩ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አላቆመም።

«የትኛው ቦርድ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የደመቀው በ1998 ነው። ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የቦርዱ ፍጥነት 66፣ የፕሮሰሰሩ ማባዣ 4.5፣ ሲባዛ ወደ 300 ሜጋኸርትዝ ይመጣል። ኢንቴል ማባዣውን ቆልፎታል፤ የቦርዱን ፍጥነት ግን የሚቆልፈው አልነበረም። 66ን ወደ 100 ስታሳድጊው ያው ርካሽ ፕሮሰሰር 450 ይሆናል፤ ብዙዎቹም ያለ ችግር ቻሉት። ስለዚህ ቁም ነገሩ 100ን የሚሰጥ ቦርድ ማግኘት ሆነ። በ1989 የተመሠረተው የታይዋኑ አቢት ቢኤች6 በሚባል ቦርዱ ስም ያወጣው ያኔ ነው። ሌሎች ቦርዶች ላይ ፍጥነት የሚቀየረው ክዳኑን ከፍቶ ጃምፐር በመንቀልና በመሰካት ሲሆን፣ አቢት ግን ከባዮሱ ሆነሽ በኪቦርድ እንድትቀይሪው አደረገ።

ቀጥሎ ክፉ ዘመን መጣ። ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት በብዙ ኩባንያዎች ቦርድ ላይ ካፓሲተሮች እያበጡ መፈንዳት ጀመሩ። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ቅመም የተበላሸ ነበር። ወንድሜ ፎቶ ያነሣው ይህንኑ ዓይነት በሽታ ነው። አቢትም በ2008 መጨረሻ ከገበያ ወጣ። ሌሎቹ ፈሳሽ ወደሌለው ጠንካራ ካፓሲተር ዞሩ።

በ2011 ደግሞ ኢንቴል የቦርዱን ፍጥነት ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር አንድ ላይ አሠረው፤ እሱን ብዙ ከነካሽ ሌላውም ይናጋል። ማባዣው የተከፈተው ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» ላለባቸው ፕሮሰሰሮች ብቻ ሆነ፤ ያውም ፒ67 ወይም ዜድ68 የሚባል ቺፕሴት ያለው ቦርድ ሲገኝ ነው። ኤች61 ላይ ብትሰኪው ገንዘብሽን ጣልሽ ማለት ነው። ኤኤምዲ በ2017 ራይዘንን ሲያወጣ የሁሉንም ማባዣ ከፈተ፤ ቢ350 እና ኤክስ370 ይፈቅዳሉ፣ ርካሹ ኤ320 ግን አይፈቅድም።

እንግዲህ ስትገዙ መጀመሪያ የቺፕሴቱን ስም ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለውን ኤሌክትሪክ መጣኝ ክፍል እዩ፤ ቪአርኤም ይባላል። ከፓወር ሳፕላዩ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚችለው ወደ 1 ቮልት ገደማ የሚያወርደው እሱ ነው። ሥራው ከባድ ስለሆነ ይግላል፤ ላዩ ላይ ሙቀት የሚያወጣ ብረት ከሌለው ለኦቨርክሎክ አትመኑት። ፍጥነቱን በመቶ 10፣ ቮልቴጁንም በመቶ 10 ብትጨምሩ የሚበላው ኃይል በመቶ 33 ገደማ ያድጋል፤ ቮልቴጅ ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ ነው። ሦስተኛ፣ ያገለገለ ከሆነ ክዳኑን አስከፍቱና የካፓሲተሮቹን አናት እዩ። ካበጠ፣ ሻጩ ቢምልም ጥላችሁ ውጡ።

ሳነብ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ታይዋን ከ1992 ጀምሮ የውጭ ሠራተኛ በሕግ ስታስገባ፣ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎቿ ውስጥ የገቡት ብዙዎቹ ፊሊፒናውያን ሴቶች ናቸው። እዚህ እሁድ እሁድ መንገድ ላይ የምናገኛቸው የፊሊፒን ልጆች እህቶች ማለት ነው። የኮምፒውተር ታሪክ ሲጻፍ የኩባንያ ስም እንጂ የእነሱ ስም አይነሣም።

ሌላም አለ። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበረደለት ይጠፋል። ማንም ሰነፍ አይለውም፤ ባለቤቱ ደንግጦ ማራገቢያ ይገዛለታል። እኔ የመጀመሪያዋ ማዳም ቤት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ስሠራ፣ አሞኝ ቁጭ ስል «ሰነፍ» ነበር የምባለው። አሁን ሳስበው አቅም ልክ እንዳለው ለማሽኑ የገባው ሰው ለእኔ አልገባውም ነበር።

ለወንድሜ ሁለተኛውን ቦርድ ስገዛ ቺፕሴቱን ጠየቅኩ፣ ብረቱን ዳሰስኩ፣ የካፓሲተሮቹን አናት አንድ በአንድ አየሁ። ሻጩ «አንቺ ኢንጂነር ነሽ እንዴ?» አለኝ። ዝም ብዬ ዋጋ ቀንስ አልኩት፤ ቀነሰ። ኮምፒውተሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። ወንድሜን ግን አስጠንቅቄዋለሁ፦ ፍጥነቱን ቀስ እያልክ ጨምር፣ ሙቀቱን እያየህ፤ ሲግል አሳርፈው።