የስሚዝ-ሂውዝ ሕግና የሙያ ትምህርት በጀት

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከኮሌጅ በታች ለሚሰጠው የሙያ ትምህርት በየዓመቱ ቋሚ ገንዘብ መመደብ የጀመረው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን የካቲት 16 ቀን 1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) በፈረሙት የስሚዝ-ሂውዝ ሕግ አማካይነት ነው። ሕጉ በስማቸው የሚጠራው ሆክ ስሚዝና ደድሊ ሂውዝ ሁለቱም የጆርጂያ ተወካዮች ነበሩ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለኮሌጆች መቋቋሚያ መሬት ሰጥቶ ነበር፤ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም የረዳው የኦክላሆማ ኮሌጅም የዚያው ሕግ ፍሬ ነው።

የአዲሱ ሕግ አሠራር ቀላል ይመስላል። ፌዴራሉ ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ ዶላር ግዛቱ ወይም አጥቢያው ሌላ አንድ ዶላር ይጨምራል። ለእርሻ ትምህርት የሚመደበው በገጠር ሕዝብ ብዛት፣ ለእደ ጥበብ፣ ለኢንዱስትሪና ለባልትና የሚመደበው ደግሞ በከተማ ሕዝብ ብዛት ይከፋፈላል። ገንዘቡ በአመዛኙ ለመምህራን ደመወዝና ለመምህራን ማሠልጠኛ እንጂ ለሕንፃ ወይም ለመሣሪያ መግዣ አልነበረም። ስለዚህ ወርክሾፕ ማቋቋም የማይችል ድኃ አጥቢያ ከእርዳታው የሚደርሰው ድርሻ አነስተኛ መሆኑ የማይቀር ነበር።

ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ውጤቱ የከረመው የተያያዘው ግዴታ ነው። እያንዳንዱ ግዛት የሙያ ትምህርት ቦርድ እንዲያቋቁምና እቅዱን ለፌዴራሉ ቦርድ አቅርቦ እንዲያስጸድቅ ተደረገ። በሙሉ ቀን የእደ ጥበብ ክፍል ቢያንስ ግማሹ ጊዜ ለተግባር ሥራ እንዲውል ታዘዘ። እንዲህ ያለው ድንጋጌ ሙያውን ከወግ ያህል ትምህርትነት አድኖታል፤ ነገር ግን የሙያ ተማሪውን ከቀለም ተማሪው ለይቶ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ትምህርት ቤት አቋቁሟል። ጆን ዲዊ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተቃወመው ይህንኑ መለያየት ነበር። በደቡብ ግዛቶች ደግሞ የዘር መድልዎ ተጨምሮበት፣ ጥቁር ተማሪዎች ከዘመናዊ የፋብሪካ ሙያ ይልቅ ወደ እርሻና ወደ ባልትና ይመሩ ነበር፤ ሕጉም የሚከለክል አንቀጽ አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሙያ ትምህርት ሕግ የምደባውን መነሻ ከሙያው ዓይነት ወደ ተማሪው ፍላጎት አዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1984 የፐርኪንስ ሕግ ተከተለ። ይሁን እንጂ በስሚዝ-ሂውዝ ሕግ የተወሰነው በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሆነው ቋሚ ወጪ፣ ዋጋው በግሽበት ቢመናመንም፣ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1997 እስከ ተሻረበት ጊዜ ድረስ በየዓመቱ ሲከፈል ቆይቷል።