መሃል ላይ ያለው ገንዘብ የማን ነው? ከፖከር ጠረጴዛ እስከ ቦሌ ሠራተኞች ቁጠባ

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ በአፍሪካ ጎዳና ወደ መስቀል አደባባይ የሚሄድ ሰው ባንክ ያያል፣ ሆቴል ያያል፣ ካፌ ያያል። ወሬው ደግሞ ሌላ ነው፤ ባለፉት ዓመታት የከተማው ወጣት በስፖርት ውርርድ ስንት እንደበላና ስንት እንደተበላ ነው። ብዙ ሰው የማያወራው በዚሁ በቦሌ ዙሪያ የተጻፈ ሌላ የገንዘብ ታሪክ አለ። የአየር መንገዱ ሠራተኞች ከ60 ዓመት በፊት ገንዘባቸውን መሃል ላይ አድርገው ያቋቋሙት ማህበር ታሪክ።

ውርርድ ቤቱም፣ የካርታ ጠረጴዛውም፣ እቁቡም፣ የሠራተኞቹ ማህበርም የሚነሱት ከአንድ ቦታ ነው፦ ሰዎች ተሰብስበው መሃል ላይ ገንዘብ ያስቀምጣሉ። ልዩነቱ ያ ገንዘብ የማን ነው የሚለው ላይ ነው። ጥያቄውን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየን ፖከር ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ቤቱ አይጫወትም፣ ግን አይሸነፍም

ፖከር ከሎተሪም ከሩሌትም ይለያል። ተጫዋቹ የሚገጥመው ቤቱን ሳይሆን ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው። ታዲያ ቤቱ ምን ይበላል? በየዙሩ መሃል ላይ ከተከማቸው ገንዘብ ይቆርጣል፤ ወይም ለተቀመጡበት ሰዓት ያስከፍላል። ትንሽ ይመስላል። እስቲ እናስላው።

9 ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ይዘው ተቀመጡ እንበል። ጠረጴዛው ላይ 9,000 ብር አለ። በሰዓት 30 ዙር ይጫወታሉ፣ በየዙሩ በአማካይ 400 ብር መሃል ይገባል፣ ቤቱ 5 በመቶ ይቆርጣል። በአንድ ዙር 20 ብር፣ በአንድ ሰዓት 600 ብር ማለት ነው። በ5 ሰዓት 3,000 ብር፣ ማለትም የጠረጴዛው ገንዘብ አንድ ሦስተኛ፣ ማንም ሳያሸንፈው ከክፍሉ ወጣ። አዲስ ገንዘብ ካልገባና ጨዋታው በዚሁ ከቀጠለ በ15 ሰዓት ጠረጴዛው ባዶ ነው። እርስ በርስ ሲፋለሙ ያመሹት ሁሉም ከሳሪ፣ ካርታ ያልነካው ቤት ብቻ አትራፊ።

በዓለም ላይ ይህን ቁርጥ ለማስቀረት ብዙ ተሞክሯል። የአሜሪካዋ ቴክሳስ ሕግ ቁማርን ይከለክላል፤ ነገር ግን ጨዋታው በግል ቦታ ከሆነ፣ ካሸነፉት ገንዘብ ውጭ ከጨዋታው የሚጠቀም ሰው ከሌለ፣ የማሸነፍና የመሸነፍ ዕድሉም ለሁሉም እኩል ከሆነ ለተከሳሹ መከላከያ ይሆነዋል። በዚህች ቀዳዳ ብዙ የፖከር ክለቦች ተከፈቱ። ከመሃል አይቆርጡም፤ የአባልነትና የወንበር ሰዓት ያስከፍላሉ። በዳላስ ከተማ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ክለቦች ባለቤት ያላቸው ንግዶች ናቸው። «አባል» የሚለው ቃል ካርዱ ላይ እንጂ ትርፉ ላይ የለም።

ቤቱ እኛ ብንሆንስ?

ክለቡ በእውነት የአባላት ቢሆንስ? ያ 3,000 ብር ለኪራይ፣ ለጥበቃና ለሻይ ከተከፈለበት በኋላ የተረፈው ለአባላት ይመለስ ነበር። እዚህ ላይ አንድ የድሮ ጥያቄ ይመጣል፦ በምን መለኪያ ይመለስ?

በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ አዋጥተው በ1844 እ.ኤ.አ. ሱቅ ሲከፍቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ አስቀመጡ። ድምፅ ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ ትርፍ ግን ከሱቁ በገዛው ልክ ይመለስለታል። ዛሬም የኅብረት ሥራ ማህበር የሚባለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ ይቀዳል። ለዱቄትና ለቅቤ ግሩም መልስ ነው። ለፖከር ግን ጉድ ያመጣል፦ ብዙ የተጫወተ ብዙ ይመለስለታል ማለት፣ ክለቡ የራሱን አባላት «አምሹ፣ ጨምሩ» እያለ ይጎተጉታል ማለት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ቤቱ ቢቀርም ተሸናፊው አይቀርም። ቁርጡ ለአባላት ተመለሰ እንጂ የአንዱ አባል ደመወዝ ወደ ሌላው አባል ኪስ መግባቱን አላቆመም። ጎበዝ የሆኑት ሁለትና ሦስት ሰዎች በየሳምንቱ ይወስዳሉ፤ ሌሎቹ በየሳምንቱ ይሰጣሉ። የሰጠው ሲያልቅበት ደግሞ ብድር ይጠይቃል። ከጠረጴዛው ጓደኛው የተበደረ ሰው ወይ ይቀራል፣ ወይ ይጣላል። በሁለቱም መንገድ ክለቡ አባል ያጣል።

ተራው የማይቀር ዕጣ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እቁብ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ቁማር ሊመስል ይችላል። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ብር መሃል ይገባል፣ ስም የተጻፈባት ወረቀት ተጠቅልላ ዕጣ ይወጣል፣ አንዱ ሁሉንም ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ሌላው ያጨበጭባል።

ግን እናስላው። 20 ሰዎች በወር 5,000 ብር ቢጥሉ ባለዕጣው 100,000 ብር ይወስዳል። 20ው ወር ሲያልቅ እያንዳንዱ 100,000 ብር ጥሏል፣ እያንዳንዱም 100,000 ብር ወስዷል። የእቁብ ዕጣ የሚወስነው «መቼ» የሚለውን ነው። የፖከር ካርታ የሚወስነው «ማን» የሚለውን ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ይቺው ናት፤ ትንሽ አይደለችም።

እቁብ ፍጹም ነው ለማለት አይደለም። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ እንደተበደረ ነው፤ የመጨረሻው ያለ ወለድ አበድሮ፣ የዋጋ ንረቱንም ተሸክሞ ይቆያል። የቸገረው ሰው ዕጣ የደረሰውን አባብሎ ተራውን በቅናሽ የሚገዛበት ልማድም አለ። የበላ ሰው እንዳይጠፋ ደግሞ ዋስ ይጠራል። ፖከር ጠረጴዛ ላይ የጎደለው ዋሱና ዳኛው እዚህ አለ። ሰብሳቢው «ዳኛ» መባሉም በከንቱ አይደለም፤ ገንዘብ መሃል ላይ ሲቀመጥ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ፍርድ ነው።

ይህ ሁሉ ከመንግሥት ሕግ ውጭ የኖረ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ስለ መረዳጃ ልማዶቻችን ሲጽፉ፣ እቁብና እድር ማንም ያላስተማራቸው ሰዎች የሚያስተዳድሯቸው ተቋማት ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 404 ማህበርን ሲተረጉም ዓላማው ትርፍ ማግኘት ወይም ትርፍ መከፋፈል ያልሆነ ስብስብ አለው። መሃል ላይ ገንዘብ አስቀምጦ ትርፉን ለራሱ ለመመለስ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ቤት ጠባብ ነበር።

ከልደታ ወደ ቦሌ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲመሠረት ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ነበር፤ የመጀመሪያው በረራም በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ ተደረገ። የጄት ዘመን ሲመጣ የልደታ ማረፊያ አልበቃ አለ። ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄቶች አገልግሎት ጀመሩ። ከጄቶቹ ጋር መካኒኩ፣ አስተናጋጇ፣ ጸሐፊው፣ ጭነት አውራጁ፣ በአጭሩ በወር ደመወዝ የሚኖር አዲስ የከተማ ሰው በአንድ ግቢ ተሰበሰበ።

በ1964 እ.ኤ.አ. እነዚህ ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማህበር አቋቋሙ። በኢትዮጵያ የዘርፉ ታሪክ ሲጻፍ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። ፍሪድሪሽ ራይፋይዘን በጀርመን ሄዴስዶርፍ የብድር ማህበሩን ያቋቋመው በ1864 እ.ኤ.አ. ስለነበር በመካከላቸው ልክ 100 ዓመት አለ። የኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 241 ደግሞ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ሰዎቹ ሕጉን አልጠበቁትም ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ማህበር ከእቁብ ምን ጨመረ? ዕጣውን አወጣው። ብድር የሚሰጠው ስም ያለበት ወረቀት ስለወጣ ሳይሆን አባሉ ስለቆጠበ፣ ስለጠየቀና ዋስ ስላቀረበ ነው። የመጨረሻው ሰው በነፃ አበዳሪ መሆኑ ቀረ፤ ተበዳሪው ወለድ ይከፍላል፣ ወለዱም ከክፍሉ አይወጣም፤ ወጪና መጠባበቂያ ተቀንሶ ለአባላት ይመለሳል። ለቤቱ የሚሄደው ቁርጥ ማለት እንግዲህ ይኼ ነበር፤ እዚህ ግን ቤቱ ራሳቸው ናቸው። ብዙ የተበደረን ለመሸለም ሳይሆን ብዙ የቆጠበን ለማበረታታት ስለሚመለስ የሮችዴሉ መለኪያም እዚህ ቦታውን አገኘ።

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ብዙ አይታለች። ዘውዱ ወረደ፤ ደርግ በአዋጅ ቁጥር 138 ማህበራትን በራሱ መልክ ቀረጻቸው፤ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147፣ በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 ወጡ። በየመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማህበር መኖሩ ዛሬ ማንንም አያስገርምም። ከደመወዝ ላይ ተቆርጦ ሲሄድ «ምን ያደርግልኛል» የሚል አይጠፋም፤ ልጅ ት/ቤት ሲገባ ወይም ቤተሰብ ሲታመም ግን መጀመሪያ የሚንኳኳው በር እሱ ነው።

ደብተሩን ማን ያያል?

ስለዚህ የአባላት የሆነ የፖከር ክለብ ማቋቋም ይቻላል ወይ ለሚል፣ የሂሳቡ መልስ ግልጽ ነው። ባለቤትነቱ ቁርጡን ያስቀራል፤ ሽንፈቱን አያስቀርም። የቁማር ፈቃድ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ውርርድ ቤት ውስጥ ሁለቱም አሉ፦ ቁርጡ የቤቱ፣ ሽንፈቱ የወጣቱ። እቁብ ሽንፈቱን አውጥቶ ዕጣውን አስቀረ። የቦሌዎቹ ሠራተኞች ዕጣውንም አወጡት።

ጓደኛ «ና ብር እንሰብስብ» ባለ ቁጥር፣ በስልክም ይሁን በካፌ፣ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ቁርጡን ማን ይወስዳል? ደብተሩን ማን ያያል? ተራዬ የማይቀር ነው ወይስ በሌላ ሰው መክሰር ብቻ የሚመጣ? ሦስተኛውን መመለስ ያቃተው ሰው የጋበዘን ወደ እቁብ አይደለም።