ሉሲ፣ ድንቅነሽ፣ ሄሎማሊ፦ የአንድ ስም ጉዞ

ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሚሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ የአየሉ ተራራ ቁልቁል የሚመለከታት ገዋኔ ትገኛለች። አካባቢዋ ለመንገደኛ ዐይን ሙቀትና አቧራ፣ ግመልና ፍየል ነው። ለሰው ዘር ታሪክ ተመራማሪ ግን ዐምባው ሁሉ መዝገብ ነው። ቡሪና አራሚስ የተባሉት የቅሪተ አካል ሥፍራዎች ከከተማዋ ብዙም አይርቁም፤ ሐዳርም በስተሰሜን በቀጥታ መስመር ቢለካ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የአገሩ ሰው እያንዳንዱን ጉብታና ደረቅ ወንዝ በአፋርኛ ይጠራዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሸለቆ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ዝነኛ ስም አፋርኛም አማርኛም አልነበረም። ሉሲ የሚለው፣ በእንግሊዝ አገር በየመንደሩ የሚገኘው ተራ የሴት ስም ነበር።

ስሙ መሠረቱ ላቲን ነው። ሉክስ ማለት ብርሃን ሲሆን፣ ከእርሱ ሮማውያን ለወንዱ ሉሲዩስ፣ ለሴቲቱ ሉሲያ የሚል ስም አወጡ። በ304 እ.ኤ.አ. በሲራኩስ ሰማዕት የሆነችው ቅድስት ሉሲያ ስሙን በምዕራቡ ክርስቲያን ዘንድ አስፋፋችው፤ በካሪቢያን ባሕር ያለችው ደሴታዊት አገርም በእርሷ ስም ትጠራለች። በፍቺ ከሄድን የእኛው ብርሃኔ የሉሲ ሞክሼ ናት ማለት ይቻላል።

ወደ አፋር የገባው ግን በቅድስቲቱ በኩል ሳይሆን በቴፕ ክር ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዶናልድ ጆሃንሰን ከተማሪው ከቶም ግሬይ ጋር በሐዳር ጉብታዎች ሲመላለስ የክንድ አጥንት ስባሪ አየ። ቀኑ በአዲስ አበባ ወደ ስልሳ የሚሆኑ የቀድሞ ባለሥልጣናት በተረሸኑ ማግስት ነበር፤ አገሪቱ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሳለች ከሸለቆው የሚወጣውን ወሬ የሚያዳምጥ ጆሮ እምብዛም አልነበራትም። በዚያች ሌሊት በሰፈሩ ውስጥ ደስታ ሆነ፤ ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ዘፋኞች በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ አልማዝ ይዛ በሰማይ ስላለች ሉሲ የሚናገረው ዘፈን በቴፕ ደጋግሞ ይሰማ ነበር። የዘፈኑ ርእስ ራሱ የመጣው የጆን ሌኖን ትንሽ ልጅ የትምህርት ቤት ጓደኛውን ሥሎ ካመጣው ሥዕል ነው። እንግዲህ የአንዲት እንግሊዛዊት ሕፃን ስም በሥዕል፣ በዘፈንና በቴፕ አልፎ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካስቆጠረ አፅም ላይ ዐረፈ።

በመዝገብ የተሰጣት መጠሪያ ኤ.ኤል. 288-1 ነው፤ ፊደሎቹ የአፋርን ሥፍራ ያመለክታሉ። በ1978 እ.ኤ.አ. ዝርያዋ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ሲባል የአፋር ስም በላቲን ጅራት ተቀጥሎበት ወደ ሳይንስ ገባ። ኢትዮጵያውያን ግን ቁጥሩንም ላቲኑንም ትተው ድንቅነሽ አሏት። ይህ ስም ከወርቅነሽ፣ ከብርቅነሽና ከዘውድነሽ ጋር አንድ ቤት ያደገ ነው። እናት አባት የተወለደችላቸውን ልጅ ፊት ለፊት እያዩ «አንቺ እንዲህ ነሽ» ብለው የሚያወጡት ስም ነው። የሰው ዘር ጥንታዊት እናት የተባለችው በገዛ አገሯ እንደ ልጅ ተጠራች። አፋሮች ደግሞ ሄሎማሊ ይሏታል፤ ልዩ ናት እንደ ማለት ነው።

የስም አወጣጡ ልማድ በእውነት የተለወጠው በመካከለኛው አዋሽ፣ ማለትም በገዋኔ ጎረቤት ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ቲም ዋይት፣ ጌን ሱዋና ዶክተር ብርሃነ አስፋው ለአራሚሱ የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ፍጡር ራሚደስ የሚል ስም ሲያወጡለት፣ ራሚድ በአፋርኛ ሥር ማለት ነበር፤ በዓመቱ የተጨመረው አርዲም መሬት ማለት ነው። በ1999 ከቡሪ የተገኘው ጋርሂ ተባለ፤ ድንገቴ ነገር፣ ያልተጠበቀ ማለት ነው። በ2003 ደግሞ የሔርቶ ቡሪው የ160 ሺሕ ዓመት ሰው ኢዳልቱ፣ ሽማግሌ ተብሎ ተሰየመ። እነዚህ እንደ ሉሲ የመጡ አይደሉም። ቅሪተ አካሉን በመፈለግና ሥፍራውን በመጠበቅ የአፋር ሰዎች በተካፈሉበት ሥራ፣ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት በአሰያየሙ እጃቸው ባለበት ጊዜ የወጡ ናቸው። በዛሬው ጊዜ ቶኪዮም ሆነ በርክሌይ ያለ ተማሪ ስለ ሰው ዘር ሲማር፣ ሳይታወቀው የገዋኔ እረኛ የሚናገራቸውን ቃላት ይሸመድዳል።

የሆነ ሆኖ ሉሲ አልጠፋችም። ከ2007 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. አፅሟ በአሜሪካ ሲዞር ማስታወቂያውን የሞላው ይኸው ስም ነበር። በአገር ቤትም የብሔራዊ የሴቶች እግር ኳስ ቡድናችን ሉሲዎቹ ይባላል፤ ድንቅነሾች ያላቸው ጋዜጠኛ እምብዛም አይገኝም። ባለ ብዙ ስሟ አያት በባለቤቶቿ ስታዲየም በእንግዳ ስሟ መጠራቷ ትንሽ ያስገርማል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ከምድር ውጭ የሆነው ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ወደ ጁፒተር ምሕዋር አስትሮይዶች የላካትን መንኩራኩር ሉሲ አላት፤ የፀሐይ ቤተሰብን ጥንተ ነገር ትመረምራለችና። መንኩራኩሯ ኅዳር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት ገደማ ያለፈችው የመጀመሪያዋ አስትሮይድ ድንቅነሽ የሚል ስም ተሰጥቷት ነበር። ስታልፍ ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ ድንቅነሽን የምትዞራት ትንሽ ጨረቃ ተገኘች፤ እርሷም ሁለት ተነካክተው የቆሙ አካላት ያሉባት ሆነች። ለጨረቃዪቱ የወጣላት ስም ሰላም ነው፤ ዶክተር ዘርዓሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. በዲኪካ፣ ከሐዳር ወንዝ ማዶ ያገኟት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ስም ነው። በአዋሽ ሸለቆ የተለያዩት ሁለቱ፣ በሰማይ አንዷ ሌላዋን ትዞራለች።