የሳሉጉ ትኩሳት

ስለ ሠራተኞች ጤንነትና ደኅንነት የተጻፈ ነገር ባነበብሁ ቁጥር በዐይነ ኅሊናዬ የሚመጣው የራስ ቁር ደፍቶ ከማሽን አጠገብ የቆመው ሰው አይደለም። የሚመጣብኝ አንበሳሜ ላይ ጎረቤታችን የነበረ አንድ ወጣት ነው። በ1996 ዓ.ም. መስከረም ላይ በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ፣ ጎንደርን አልፎ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረደ። ኅዳር ላይ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ሬዲዮ አንግቶ ተመለሰ። ክረምቱ ሲገባ ትኩሳት ያዘው፤ ሆዱ አበጠ፤ ክንዱ እንደ ጭራሮ ቀጠነ። ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ዋጠ፤ ጸበልም ተጠመቀ። በመጋቢት 1997 ዓ.ም. ቀበርነው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ሀገር ሁሉ ዐይኑን በምርጫ ሣጥን ላይ በተከለበት ሰሞን፣ ከእኛ በስተ ሰሜን በሊቦ ከምከም ሰውን ሲጨርስ የከረመው በሽታ ስሙ ታወቀ። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር፤ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በፎገራም ታየ። አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ተከፍቶ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2,400 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከእነዚህ መካከል ከቀያቸው ወጥተው የማያውቁ ሕፃናት ይገኙበታል።

ካላዛርን የምታስተላልፈው በዓይን የማትሞላ የአሸዋ ዝንብ ናት። በቆላው የዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትውላለች፤ ማታ ወጥታ ትነክሳለች። ጥገኛ ተሕዋሲው በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኒ ውስጥ ይራባል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከወራት በኋላ ይታያል፤ ካልታከመ ይገድላል። ኤችአይቪ ከተደረበበት ደግሞ ታክሞም ይመላለሳል። በሀገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1942 በታችኛው ኦሞ ሲሆን፣ የሁመራ ሰፋፊ የጥጥና የሰሊጥ እርሻዎች ከተስፋፉ በኋላ ግን ከደጋ በሚወርደው የቀን ሠራተኛ ላይ በረታ። ያ ሠራተኛ በዚያ ሀገር ሳሉግ ይባላል። የደጋ ሰው በመሆኑ ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም፤ ቤት ስለሌለው ከዛፍ ሥር ያድራል፤ ክፍያው በሠራው ልክ ስለሆነ አሞኛል ብሎ አያርፍም። የሊቦ ከምከሙ ወረርሽኝም መነሻው ከመተማና ከሁመራ በተመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች በኩል ሳይሆን አይቀርም ብለው የመረመሩት ባለሙያዎች ጽፈዋል።

ለመሆኑ ሕጋችን ይህን ሰው እንዴት ያየዋል? ስለ ሠራተኛ ጤና ከወጡት ቀደምት ሕጎቻችን አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የታወጀው ቁጥር 58፣ ስለ ፋብሪካዎች ነበር። ፋብሪካ ግድግዳና በር ስላለው ተቆጣጣሪ አንኳኩቶ ይገባበታል፤ የሰሊጥ ማሳን በር ማን ያንኳኳል? ከዚያ አዋጅ ቁጥር 210/1956 መጣ፤ ከዚያም የደርጉ 64/1968፣ ቀጥሎ 42/1985። ጎረቤቴ ከሰሊጥ በተመለሰ በሦስተኛው ወር፣ በየካቲት 1996 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ወጣ።

ሕግ ዐዋቂ አይደለሁም፤ አማርኛ ግን አነባለሁ። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዝዛል። ለወቅት ሥራ የተቀጠረም ቢሆን ሠራተኛ ነው። በሥራ ምክንያት ለመጣ በሽታ ሕክምና፣ ሠራተኛው ከሞተም ለጥገኞቹ ክፍያ ይገባል። እስከዚህ መልካም ነው። አንቀጽ 98 ላይ ሲደረስ ግን አንድ ንኡስ አንቀጽ አለ፤ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የሚገኝ ነዋሪ ወይም ተላላፊ በሽታ በሥራ ምክንያት እንደ መጣ አይቆጠርም ይላል። ከዚህ የሚድነው ያንን በሽታ በማጥፋት ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ መድኃኒት የሚረጨው ሰው በካላዛር ቢያዝ የሥራ በሽታ ነው፤ ሰሊጥ የሚያጭደው ቢያዝ የሀገሩ አየር ነው!

የሕጉን ሐሳብ ለመረዳት ሞክሬያለሁ። የአንበሳሜ ነዋሪ በአንበሳሜ ወባ ቢይዘው፣ አሠሪውን ተጠያቂ ማድረግ አስቸጋሪ ነው፤ ሥራ ባይሠራም ይይዘው ነበርና። ሳሉጉ ግን ለሥራው ባይወርድ ኖሮ ዝንቧን በምን ያገኛት ነበር? ሕጉ ነዋሪውንና መጻተኛውን አልለየም።

ይህ ልዩነት ለሌላው ዓለም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ የጎታርድን የባቡር ዋሻ ሲቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች ደማቸው አልቆ ሲወድቁ፣ ምክንያቱ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል እንደ ሆነ ተረጋገጠ። እንግሊዝ በ1906 የሠራተኞች ካሣ ሕጓን ስታሻሽል፣ የማዕድን ቆፋሪዎችን ሁክዎርም ካሣ ከሚያስገኙት ጥቂት በሽታዎች ጋር ዘረዘረችው። ትሉ ከፋብሪካ አልወጣም፤ ሰውየው የያዘው ግን ሥራ ቦታው ላይ ነው፤ ለሕግ አውጪዎቹ ይህ በቃቸው።

መከላከያው ደግሞ ያን ያህል የሚከብድ አይደለም። ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን ገዳሪፍ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 ወደ 357,000 የሚጠጉ አጎበሮችን አድለው በሽታው በ27 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ ገምተዋል። ሁሉን የሚያድን አይደለም፤ ማታ አምሽቶ የሚሠራ ሰው አጎበር ውስጥ ሳይገባ ይነከሳልና። ቢሆንም ለአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ጓንትና ጫማ እንደሚገባው ሁሉ ለሳሉግ አጎበር ይገባዋል ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ እንደገና ሲጻፍ፣ ያ መስመር ሊጨመር ይችላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ወሊድ ፈቃድ፣ ስለ ጾታዊ ትንኮሳ አዳዲስ ነገር ይዞ መጣ። ወደ አንቀጽ 98 ገለጥሁ፤ ንኡስ አንቀጹ እዚያው ቦታው ላይ ነበር።

የጎረቤቴ አባት የልጃቸውን አሠሪ ስም አያውቁም ነበር። ልጁ ራሱ ያውቀው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው፤ «ጭኖ የወሰደውን መኪና ነው የሚያውቀው» አሉኝ።