"መጀመሪያ ኮሌጅህን ጨርስ" ማን ነው ያለው?

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ የእህቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጣለብን። ሃይስኩል ውስጥ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። "ችሎታ ያለው ልጅ ለምንድነው ኮሌጅ ገብቶ የሚቆየው? ለምን ቀጥታ ፕሮፌሽናል አይሆንም?" አለ። ቤቱ ተንጫጫ። እኛ ዘንድ መልሱ ያለቀ ነው፣ መጀመሪያ ትምህርት! እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የምለው። የስፔንሰር ሄይውድን ታሪክ ካወቅኩ ወዲህ ግን አፌን ሞልቼ መናገር አቅቶኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሄይውድ በ1949 ሚሲሲፒ ውስጥ ሲልቨር ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አሥር ልጆች ካሉበት ድሃ ቤት፣ ጥጥ እየለቀመ ያደገ ልጅ ነው። በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ የእኛ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት ማለቴ ነው፣ በ19 ዓመቱ ከአሜሪካ ቡድን ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ነበር። ወርቁን ይዞ ተመልሶ ዲትሮይት ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተጫወተ።

የዚያን ጊዜ የኤንቢኤ ደንብ እንዲህ ይላል፦ ሃይስኩል ከጨረሰ አራት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ማንም ክለብ አያስፈርምም። ልብ በሉ፣ ዲግሪ ይኑረው አይልም። ይጠብቅ ነው የሚለው። ዊልት ቻምበርሌይን እንኳ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲን ቀድሞ ስለለቀቀ፣ ጊዜው እስኪደርስ ከሃርለም ግሎብትሮተርስ ጋር ሲዞር ነው የከረመው። ያኔ ኮሌጁ ለልጁ ስኮላርሺፕ እንጂ ደመወዝ አይሰጥም ነበር፤ የትኬቱ ገቢ ግን የኮሌጁ ነበር። ሊጉም ሌላ ሰው ያሠለጠነውንና ስሙን ያስጠራለትን ተጫዋች አምስት ሳንቲም ሳያወጣ ይረከባል። ታዲያ ትምህርት የቱ ጋ ነው ያለው?

ሄይውድ በ1969 የኤንቢኤ ተቀናቃኝ ወደነበረው ኤቢኤ ገባ። እዚያም ደንቡ ነበር፤ ግን የቤተሰቡን ችግር ምክንያት አድርገው አሳለፉት። በመጀመሪያ ዓመቱ ለዴንቨር በአማካይ 30 ነጥብና ከ19 በላይ ሪባውንድ አስመዝግቦ የሊጉ ኮከብ ተባለ። በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ኮንትራቱ ላይ የተጻፈው ትልቅ ገንዘብ፣ አብዛኛው ከብዙ ዓመት በኋላ የሚከፈል ሆኖ ተገኘ። ጥሎ ወጥቶ ለኤንቢኤው ሲያትል ፈረመ። ሊጉ "አራት ዓመትህ አልሞላም" ሲለው ከሰሰ።

ክሱ እየታየ በፍርድ ቤት እግድ ይጫወት ነበር። እሱ ራሱ እንደሚያወራው፣ በአንዳንድ ከተማ ሕገወጥ ተጫዋች ሜዳ ላይ አለ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ይለፈፍበታል፤ ሕዝቡ ይጮህበታል። የ21 ዓመት ልጅ ነው እኮ! በማርች 1971 ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ መጫወቱን እንዲቀጥል ተፈቀደለት፤ ቀጥሎም የፌዴራል ፍርድ ቤት የአራት ዓመቱ ደንብ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግን ይጥሳል አለ። ሊጉ ታረቀው፣ ደንቡንም አላላ። ኬቪን ጋርኔት በ1995፣ ኮቢ ብራያንት በ1996፣ ሌብሮን ጄምስ በ2003 ከሃይስኩል ቀጥታ የገቡት እሱ በከፈተው በር ነው።

እዚህ ላይ እህቴ "የወደቁትንስ ለምን አትቆጥርም?" ብላ ያዘችኝ። እውነቷን ነው። ኮርሊዮን ያንግ በ1998 ከሃይስኩል ቀጥታ ዲትሮይት ገብቶ ኤንቢኤ ውስጥ የተጫወተው ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው። ግን እሱንና መሰሎቹን በጣም የጎዳቸው፣ በእኔ እይታ፣ ቀድመው መሄዳቸው አይደለም። ከኋላቸው በሩ መቆለፉ ነው። ያኔ አንዴ ለፕሮፌሽናል የፈረመ ልጅ ተመልሶ ለኮሌጅ መጫወት አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ስኮላርሺፑም ቀረ ማለት ነበር። በ18 ዓመቱ ለተሳሳተ ልጅ ይሄ ቅጣት አይበዛም?

በ2005 ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ተስማምተው 19 ዓመት የሚል ገደብ አወጡ። ከዚያ በኋላ ኮከቦቹ ኮሌጅ አንድ ዓመት ብቅ ብለው መሄድ ጀመሩ። ይሄን ትምህርት የሚለው ካለ ይንገረኝ።

መማር የፈለገ ደግሞ ኳሱ አልከለከለውም። ቪንስ ካርተር ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ከሦስት ዓመት በኋላ ትቶ በ1998 ኤንቢኤ ገባ፣ ትምህርቱን ግን አልተወም። ሜይ 20 ቀን 2001 ጠዋት ምረቃው ላይ ተገኝቶ፣ በዚያው ቀን ፊላዴልፊያ በርሮ ለቶሮንቶ ወሳኙን ሰባተኛ ጨዋታ ተጫወተ። የመጨረሻዋን ኳስ ሳታት፤ 88 ለ 87 ተሸነፉ። ከዚያ ወቀሳው! በእንዲህ ያለ ቀን ምረቃ ምን አስኬደው ተባለ። "ተማሩ" ሲል የኖረ ሕዝብ እኮ ነው።

ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ኮሌጁን ትተው ቀድመው የሚወጡት ልጆች ቁጥር ቀንሷል። ማንም አልሰበካቸውም፣ መቆየቱ ስላዋጣቸው ነው።

ለእህቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ነገርኩት። ቀጥታ ሂድ አላልኩትም፤ የምትፈርመውን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ ነው ያልኩት። እናቱ ግን አሁንም ኩርፊያ ላይ ናት።